የአባዬ ጃርት እና የአባባ ጡጫ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ትምህርት የለም፤ አስተማሪዎቹ ስብሰባ አላቸው። እኛን ሊያሙ ነው መቼም። ቤት ዋልኩ።

አባዬ የምግብ ጠረጴዛውን ቢሮ አድርጎ ላፕቶፑ ላይ ተተክሏል። የውሃ መሐንዲስ ነው። ሰኞ ሐይቁ ውስጥ አዲስ የውሃ መሳቢያ ቧንቧ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ውሃው ወዴት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየውን ሥዕል የሚሠራው እሱ ነው። ሐይቁን እንደ መስታወት ሣጥን ይስልና ውስጡን በቀስት ይሞላዋል። ቀስቱ ረጅም ከሆነ ውሃው ፈጣን ነው፤ አጭር ከሆነ ቀርፋፋ።

የቀስቱ ብዛት ግን... ሐይቅ ሳይሆን የተቆጣ ጃርት ነው የሚመስለው።

"አባዬ፣ ይሄ እንስሳ ይናከሳል?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"እሺ፣ ግን ቀንሰው። የፊተኛው የኋለኛውን ሸፍኖታል እኮ።"

ትንሽ ቆይቶ ግማሹን አጠፋው። አመሰግናለሁ ማለት? ከየት መጥቶ!

ከዚያ ቀኑን ሙሉ በማውሱ ሲያሽከረክረው ዋለ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር... ሐይቁን እንደ ሾርባ አማሰለው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የአባዬ ጃርት ታትሞ ሐይቁ ዳር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከላይ የታየው ነው የታተመው፣ ልክ እንደ ካርታ።

ጠዋት ከአባባ ጋር ሄድኩ፤ ፎጣ ተሸካሚ ሆኜ። አባባ የአባዬ አባት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ። ቤታችን ውስጥ ያለ መብራት ሁሉ ቀይ መሆኑን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። በየጠዋቱ ከፀጉር አስተካካዩና ከልብስ ሰፊው ጓደኞቻቸው ጋር አሮጌው የጀልባ ማቆሚያ ጋ ይዋኛሉ። እኔ "የዋና ሚኒስቴር" እላቸዋለሁ። በሌሉበት።

ሚኒስቴሩ ሰሌዳው ፊት ተሰበሰበ።

"ይሄ ሁሉ ቀስት ምንድን ነው?" አሉ ፀጉር አስተካካዩ።

"ውሃው የሚሄድበት ነዋ! እዚህ ቀስት አለ፣ ይሄዳል። እዚህም አለ፣ ይሄዳል። እኛ ጋ ግን..." አባባ ጣታቸውን ማቆሚያው ላይ ተከሉ። "ነጥብ ብቻ! ቀስት የሌለበት ቦታ ፓርኪንግ ነው። ልጄ ራሱ መሰከረልን።"

ልብስ ሰፊው ደስ አላቸው። "እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ የልጅ ልጆቼንም ይዣቸው እመጣለሁ።"

ማታ እራት ላይ ይህን ሁሉ አስመስዬ ተወንኩት። ጣቴን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ፣ "ፓርኪንግ ነው!" እማዬ ሳቀች። አባባ እንኳ በጢማቸው ሥር ሳቁ። አባዬ ግን... ማንኪያው አፉ ጋ ደርሶ ቆመ።

"ምን? ነጥብ?"

ሳህኑን ገፍቶ ላፕቶፑን ከፈተ። ከላይ ሲታይ አዎ፣ ነጥብ ነው። ቀስ አድርጎ ወደ ጎን አዞረው። ነጥቦቹ ተሳቡ፣ ተሳቡ... ከሐይቁ ሁሉ ረጃጅሞቹ ቀስቶች ሆኑ። ሁሉም ወደ ታች፣ ማቆሚያው ሥር ወዳለው የቧንቧ አፍ። ለካ ቁልቁል የሚሄድ ቀስት ከላይ ሲያዩት ጭራው ብቻ ነው የሚታየው!

"ሁልጊዜ እያዞርኩ ስለማየው..." አለ አባዬ። ወረቀት እንደማይዞር ረስቶታል። ልቀልድበት ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

"አባባ፣ ከሰኞ ጀምሮ እዚያ አይግቡ። ሰው ይዞ የሚወርድ ውሃ ነው" አላቸው አባዬ።

"ጠዋት ፓርኪንግ፣ ማታ ጉድጓድ?"

"እኔ ፓርኪንግ አላልኩም! ይመልከቱ እንጂ፣ ሳዞረው..."

"በማዞርማ ምን የማይሆን አለ? እኔም ብዞር ጎረምሳ እመስላለሁ።" ብለው ሊተኙ ገቡ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አባዬ ሰሌዳውን አስነሳ። አባባ ዋኝተው መጡ። እርጥብ ፎጣቸውን የአባዬ ወንበር ላይ ሰቀሉት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አባዬ እንደገና አሳያቸው። "የልጆች ፊልም ነው" አሉ። አባዬ ጮኸ። አባባ የባሰ ጮኹ። "እዚያ ውሃ ውስጥ ነው ያረጀሁት! በስንት ዓመቱ ነው ዛሬ የሚውጠኝ?" እማዬ ሁለቱንም ተቆጣች።

ቧንቧው የሚከፈተው ሰኞ ማለዳ ነው። እሳቸው የሚገቡትም ማለዳ ነው። እውነት ቢገቡስ? ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እኔ!

እሑድ፣ የካቲት 9

አስቤ አስቤ... አባባ ሳሎን ጫማቸውን ሲያስሩ ያዝኳቸው።

"አባባ፣ ድሮ መኪናውን 'ወደዚያ እለፍ' የሚሉት እንዴት ነበር?"

ይህን ጠይቋቸው ሳያሳዩት የለቀቁት ሰው የለም። አንዱን ጫማ ሳያስሩ ተነሱ። ደረት ተነፋ፣ ክንድ ወደ ጎን ተዘረጋ።

"አሁን ደግሞ ወደ እኔ ያመልክቱ።"

ወደ እኔ ዘረጉ።

"ክንድዎ የት ሄደ?"

"የምን የት ሄደ? ይኸው!"

"እኔ የማየው ጡጫ ብቻ ነው። ድቡልቡል ነገር። ነጥብ።"

"እሱማ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ክንድ አያይም! ለዚህ እኮ ነው ወደ ጎን እየዞርን የምናሳየው። ስንቱ ደንባራ ሹፌር..."

ቆሙ። ክንዳቸውን አዩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ አዩ። ክንዱ ግን አልወረደም።

ከዚያ ቤቱ ተናጋ።

"አንተ ልጅ! ና ወዲህ! ከጎን አድርገህ አትመው እንጂ! የምን ከላይ ነው? አሞራ ነው እንዴ የሚዋኘው?"

አባዬ "ነግሬዎታለሁ" እንኳ ሳይል ላፕቶፑን ከፈተ። "እሺ፣ አባባ" አለ። አዋቂ ሲሆን ዛሬ አየሁት። እኔም ምላሴን ነከስኩ፤ አሁንም ያመኛል።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ቧንቧው ተከፈተ። አዲሱ ሰሌዳ ቆሟል፦ ሐይቁ ከጎን፣ ጥቂት ወፋፍራም ቀስቶች፣ ሁሉም ቁልቁል። ሥሩ "መዋኘት ክልክል ነው" ተጽፏል። ከጽሑፉ ይልቅ ሰውን የሚመልሱት ግን አባባ ናቸው። ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ፊሽካቸውን ይዘው፣ ማቆሚያው በር ላይ። የመጣውን ሁሉ ወደ ማዶው ዳርቻ ይሸኛሉ። የልብስ ሰፊው የልጅ ልጆች በሰልፍ አለፉ።

"ፓርኪንግ ነው አላልክም እንዴ?" አሉ ፀጉር አስተካካዩ።

"እኔ? መቼ?"

ሰው ሲቀንስ አባባ ብቻቸውን ጫፉ ድረስ ሄደው ውሃውን አዩ። ከላይ ምንም የለበትም። ጸጥ ብሏል፣ እንደ ድሮው። የዋና ቆባቸውን በእጃቸው ጨብጠው ብዙ ቆሙ። ፎጣቸውን ይዤ ከኋላ ጠበቅኩ። ልክ ሲመለሱ ግን አላስቻለኝም።

"ታዲያ አባባ፣ ነጥቡ ቀስት መሆኑን አመኑ?"

ጡጫቸውን አፍንጫዬ ድረስ አመጡት። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ወደ እኔ የሚመጣ ቀስት!" ብዬ ወደ ማዶው ዳርቻ ሮጥኩ።