ከ49 የተነሳው ኮምፒውተር

ሩሎፍ፣

የግሮኒንገን ባቡር ሊያመልጠኝ ነው። ወጥ ቤት ያለውን ኮምፒውተር እንዳትነቅለው! ከ49 ተነስቶ ቁጥሩን ሲባዙ እሱን ወደሚሰጡ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ለ1ና ለራሳቸው ብቻ ወደሚካፈሉ፣ ይበትናል፤ ስብርባሪውን ጎን ለጎን ገጥሞ መልሶ ይበትናል፣ የማይበተን እስኪያገኝ ድረስ። ያልቅ አያልቅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዓለም የለም።

ትናንት ዳቦ በአይብ ልጥበስ፣ መጥበሻውን ልሰካ ብለህ ልትነቅለው ስትል የጮህኩብህ ለዚህ ነው።

«ኧረ ዛሬን እንኳ ተዪኝ!» አልከኝ። ትናንት ምን የተለየ ነገር ነበረና?

ቆይ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ።

መጣሁ።

እዚያ ግድግዳው ላይ የሁሉንም ልደት የምንጽፍበትን ካሌንደር አየሁት። ትናንት ሃያ አምስት ሞልቶሃል።

25 ማለት አምስት ጊዜ አምስት ነው፤ ጎን ለጎን 55። 55 አምስት ጊዜ አስራ አንድ ነው፤ 511። እሱም ሰባት ጊዜ ሰባ ሦስት፤ 773። አለቀ፣ ከዚህ በላይ አይበተንም።

እንዳንተ የማያስቸግር ቁጥር አላየሁም።

ኮምፒውተሩን ነቅዬዋለሁ። ዳቦህን ጥበስ።

ሂልከ