ስለ ጋዲሴ ላፕቶፕ ይቅርታ አልጽፍም

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ አብዱልመናን፣ ጅዳ።

ከሐሙስ የካቲት 13 ጀምሮ ከማስተማር ታግጃለሁ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። ሰላምታውን ያስከተልኩት ንቄህ አይደለም፤ አለቃዬ አቶ አስፋው ቀድመው እንደነገሩህ ስለማውቅ ከእኔም አፍ በአጭሩ ስማው ብዬ ነው። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከባድ ዕቃ እያነሳህ "ምንም አይለኝም" ትላለህ? ነጂሃ እንዴት ናት? ኢምራን አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። የአዳማ ነፋስ እንደምታውቀው ነው፤ አቧራውን ለየቤቱ እያደለ ነው።

የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። አቶ አስፋው ባለውለታችን ናቸው፣ ዋስህ እኔ ነኝ፣ የይቅርታ ወረቀት ጽፈህ ሥራህን ያዝ ብለሃል። በስልክ ብመልስልህ የሁለታችንም ድምፅ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ጂብሪል ማክሰኞ ወደ እናንተ ስለሚበር ይህን በእጁ ላክሁልህ። እሺ ለማለት ግን አይደለም።

እዚህ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጥገና ቤት ይወስደዋል። ባለሙያው ፍላሹን ሰክቶ ክራክ ይጭንለታል፤ ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሠራ ዊንዶውስ ማለት ነው። አንቲቫይረስ ክራኩን እንዳያጠፋው ደግሞ አንቲቫይረሱን አብሮ ይዘጋዋል። የበሩን ቁልፍ ሰብሮ ውሻውንም አስሮ እንደ መሄድ ነው። በእኛ ማሠልጠኛም የሠልጣኞችን ላፕቶፕ እንዲሁ ከአንዲት ፍላሽ የሚጭኑት አቶ አስፋው ራሳቸው ናቸው።

ጋዲሴ የምትባል ሠልጣኝ አለችኝ። ቀን ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ በአንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ትሠራለች፤ ማታ ማታ እዚህ ትማራለች። ጥር ላይ ከዚያች ፍላሽ የመጣ ቫይረስ ከላፕቶፗ ወደ ቢሮዋ ተሻገረና የደንበኞች ሰነድ ሁሉ አልከፈት አለ። የሰው ኮንቴይነር ወደብ ላይ ቆመ። አሠሪዋ ሊያባርሯት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣችና "ቲቸር፣ ይሄን ነገር ወይ አድነው ወይ እኔው ልሰባብረው" አለችኝ።

በዊንዶውሱ ቦታ ሊኑክስ ጫንኩላት። ማንም በነጻ ሊወስደው፣ ውስጡን ከፍቶ ሊያየው፣ ለጎረቤቱም ሊያካፍለው የተፈቀደ ስለሆነ የሚሰበር ቁልፍ የለውም። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ትጽፍበታለች፤ ከቢሮ የሚላክላትንም ሰነድ ትከፍትበታለች። አልዋሽህም፣ አንዳንድ ሠንጠረዥ መስመሩ ይዛነፍባታል፤ የቢሮዋም ፕሪንተር እስኪግባባን አልፍቶናል። ያ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ሲከፈት እንደ ድሮው አያቃስትም። ይህን ያዩ ጓደኞቿ የየራሳቸውን አመጡ። እኔ አሳየኋቸው፣ እነሱ አንዳቸው ለሌላቸው ጫኑ።

አቶ አስፋው ይህን ሲሰሙ ክፍል ድረስ መጡ። በሠልጣኞቹ ፊት "በነጻ የሚታደል የአይጥ መርዝ ብቻ ነው" አሉኝ። ከኋላ አንዷ ቀስ ብላ "የእርስዎስ ፍላሽ በስንት ተገዛች?" አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የታገድኩት ለሊኑክሱ ይሁን ለሳቁ እስካሁን አልለየሁም። ልመለስ ከፈለግሁ ይቅርታ መጻፍ፣ ከዚያ ሁሉንም ላፕቶፕ በእጄ ወደ ክራኩ መመለስ አለብኝ።

ሰውየውን አልበድላቸውም። ወላጅ የሚከፍለው ልጁ ዎርድና ኤክሴል እንዲማርለት ነው፣ ቀጣሪም የሚጠይቀው እሱን ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በማሠልጠኛው ኮምፒውተር ላይ አንድም ቀን ከዚያ ውጭ አላስተማርኩም። ላፕቶፖቹ ግን የልጆቹ ናቸው። በገዛ ዕቃቸው ላይ የወደዱትን ጫኑ። እኔ የምጸጸትበት ነገር የለም።

ዋስትናህን አልረሳሁም ጋሼ። ዋስ የሆንከኝ አይሰርቅም ብለህ ነው። ዛሬ የተሰረቀውን ጫን ትለኛለህ። የትኛውን ቃልህን ላክብር?

እማ መልእክትህን ሰምታ ስታበቃ ሰውየው ያንን ነገር ገዝተውታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልገዙትም አልኳት። "ማሎ፣ ታዲያ ያልገዙትን ተቀበሉኝ ብለው ነው የሚቆጡት?" ብላ ወደምትለቅመው ምስር ተመለሰች። ለአንተ ደውላ ምን እንዳለችህ ግን አላውቅም፤ ለሁለታችንም የምንወደውን መንገር ታውቅበታለች።

ከተባረርኩ የቤቱ ቀንበር ተመልሶ በአንተ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሌላ ሥራ እስካገኝ ድረስ ነው፤ ቢሆንም ያንን የታመመ ወገብህን ሳስብ ይከብደኛል። የሚከብደኝ ይኸው ብቻ ነው፤ ሌላው አያስፈራኝም።

ነጂሃን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ጨርቅ ለእማ ልክ ሆኗል። ኢምራንን ጉንጩን ሳምልኝ፤ በዕረፍቱ ይምጣና የኳስ ጨዋታ እጭንለታለሁ፣ እሱም በነጻ ነው። እማ ዱዓዋን ልካልሃለች፤ ረመዳን ሳይገባ ደውል ብላለች። ጎረቤታችን አባ ሆራም ሰላም ብለውሃል። አንተ የሰጠኸኝ ላፕቶፕ አሁንም ትሠራለች፤ ይህን የጻፍኩት በእሷ ነው፣ እሷም ሊኑክስ ናት።

የማሠልጠኛው ባለድርሻዎች ሐሙስ የካቲት 20 ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው ስለ እኔ ይወስናሉ። ባዶ እጄን እገባለሁ፤ የይቅርታ ወረቀት አልያዝኩም።

ወንድምህ ሱሩር
አዳማ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.