የገባው ኳሱ ነው

ለክቡር ካፒታኖ፣ የኮልፌ አዛዥና የሠፈሩ ስፖርት የበላይ ጠባቂ
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ከርመዋል? እርስዎም፣ ሲኞራ ባለቤትዎም፣ ያ ነጭ ፈረስዎም ደኅና ናችሁ ወይ? እኛ በመልካም አስተዳደርዎ ሥር የሞቱት ሞተው፣ የታሰሩት ታስረው፣ የቀረነው እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነን። ጤናዎን አጥብቄ የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ሰሞኑን ከአምቦ በኩል የሚሰማው የአርበኞች ተኩስ እንቅልፍ እንደነሣዎ በሠፈሩ ሲወራ ሰምቼ እጅግ አሳስቦኝ ነው።

እኔ ወልደ አማኑኤል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዳኞች ደጅ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ በመጻፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሌላውን በደል በሌላው ስም ስጽፍ ፀጉሬ ሸበተ፤ በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብዕር ያስነሣኝም ክቡርነትዎ ባለፈው ሳምንት እሑድ በኳስ ሜዳው ግንድ ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው፣ ዓምና የፈረሰው የኮልፌ የቅርጫት ኳስ ቡድን በአዲስ ተጫዋቾች መቋቋሙን፣ ውድድሩም ከፋሲካ በኋላ እንደሚጀመር ከገለጸ በኋላ፣ ደጋፊዎች ከአዲሱ ቡድን የሚጠብቁትን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይጋብዛል። ከመጡ ጀምሮ ምን እንደምንጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውን ስለማያውቁ፣ ደስታችንን ለመግለጽ ቃል አጥተን ሳምንት ሙሉ ቆየን።

ከቡድኑ የምንጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዓምናው ተጫዋች ቦሩ እንዲፈታ። ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሁላችንም ድካም በቀነሰ ነበር፤ ነገር ግን ተራ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ በየትም ቢሮ እንደማይነበብ ከልምድ ስለማውቅ፣ ዝርዝሩን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ቡድኑ አመሠራረት። ታሪኩን ክቡርነትዎ የሰሙት ከአስተርጓሚዎ ከአቶ ይገዙ አፍ ብቻ ስለሆነ ላቃናው ይፍቀዱልኝ። ዓምናም በዚሁ ግንድ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ጊዜው ሕማማት ነው፤ ሕዝቡ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጾሞ አንጀቱ ታጥፏል። ሰዎች ከበውኝ አንብብልን አሉኝ። አቶ ይገዙ የጻፈው «ቅዳሜ ሹር በሜዳው ላይ የቅርጫት ኳስ ስለሚሆን ሕዝቡ ይሰብሰብ» የሚል ነበር። ይህን የመሰለ ጨዋታ ስሙንም ሰምቼው አላውቅም፤ የአቶ ይገዙ አጻጻፍ ደግሞ ግድፈት እንደማይታጣበት አውቃለሁ። ስለዚህ «ት» የምትለዋን «ና» ለማለት ፈልጎ የተሳሳተ መሰለኝና፣ በሊቅነቴ አርሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ቅርጫና ኳስ ይሆናል» ብዬ አነበብኩ። መንግሥት ለፋሲካ በሬ ጥሎ ሊያካፍለን ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ ዕለት የኮልፌ ሰው ቢላዋውንና ሳፋውን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ያን ሁሉ ቢላዋ ያዩት ወታደሮችዎ ጠመንጃ ቢደግኑብን አልፈረድንባቸውም። በሬ ግን አልነበረም። የነበረው ግንድ ላይ የተሰቀለ ቅርጫት ነው፤ ያውም ታቹ ቀዳዳ። ሥጋው በዚያ ቀዳዳ በኩል እንደሚወርድ ያስረዱ ሰዎችም አልጠፉም። ኳስ ለማየት ብላ የመጣች ጎረቤታችን ወይዘሮ ሃጂራ ብቻ ነበረች፤ እሷ ሙስሊም ስለሆነች ከክርስቲያን ቅርጫ የምትጠብቀው ድርሻ የለም። እስከ ዛሬም «የዚህ ቡድን ደጋፊ እኔ ብቻ ነኝ፤ እናንተ የሥጋ ደጋፊዎች ናችሁ» እያለች ትዘልፈናለች።

ቦሩም የመጣው ለሥጋው ነው። ቦሩ የሠፈራችን ሥጋ መዳቢ ነው፤ አርባ መደብ ሲመድብ አንዱ ከሌላው በአንዲት ጉርሻ ሳይበልጥ በእጁ ብቻ መዝኖ ያስተካክላል፤ ዕጣ ወጥቶ ያኮረፈበት ሰው አላየሁም። ወታደሮችዎ ቢላዋውን ከእጁ ወስደው በምትኩ ኳስ አስያዙት። እሱም እንደ ልማዱ ክብደቱን በመዳፉ ሁለት ጊዜ አየት አየት አደረገና፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ወርውሮ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተው። ቡድኑ የተመሠረተው በዚያች ደቂቃ ነው። ቦሩን ወደዚያ ሜዳ የጠራው ግን የእኔ የተሳሳተ ንባብ መሆኑን ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ብዙ ነገር በቀልድ እየጻፍኩ ነው፤ ይህን ግን በቀልድ አልጻፍኩትም።

፪ኛ፦ ስለ ሁለቱ እርምጃ። ሕጋችሁ ነጭና ጥቁር ተቀላቅሎ እንዲጫወት አይፈቅድም። ካሚዮን ነጂዎችዎ ደግሞ የሚያሸንፉት ሰው ቸግሯቸው ነበር። ክቡርነትዎም በጥበብዎ ሁለቱን አስታረቁ፦ የእኛ ተጫዋቾች ከነጭ ተጫዋች ሁለት እርምጃ ርቀው ይቆሙ፤ ነጩ ሲቀርብ እነሱ ይሽሹ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም። ነጂዎችዎ ኳሱን ይዘው የራሳቸው ግቢ ውስጥ እንደሚንሸራሸሩ ሆነው እስከ ቅርጫቱ ይሄዳሉ፤ የእኛዎቹ ደግሞ እጅ እየነሡ መንገድ ይለቃሉ። ስድስት ጊዜ ተጫውተን ስድስት ጊዜ ተሸነፍን። እንደኛ ጨዋ ሆኖ የተሸነፈ ቡድን ሮማም ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ይህን ሕግ ስላወጡልን ከልብ እናመሰግናለን። ወደ ቅርጫቱ መጠጋት የተከለከለ ሰው ያለው ምርጫ ከሩቅ መወርወር ነው። ቦሩ ቀን ከቀን ከሩቅ ሲወረውር ከሩቅ መክተት ለመደ። ያለ እርስዎ እርዳታ እዚህ ደረጃ ባልደረሰም ነበር፤ ይህንንም እሱ ራሱ ቀርቦ ቢያመሰግንዎ ይወድ ነበር፣ በሩ ባይቆለፍበት።

፫ኛ፦ ስለ ገባ። የዓምናው የሰኔ ጨዋታ ሰባተኛውና የመጨረሻው ነበር። ሀገርዎ ጦርነት ውስጥ ከገባች ገና ሳምንቷ ነው፤ ክቡርነትዎ በዚያ ሁሉ ሐሳብ መካከል ወንበርዎን አስወጥተው ተቀምጠው ተመለከቱ። ካሚዮን ነጂዎች ዐሥራ ስምንት፣ ኮልፌ ዐሥራ ሰባት። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሱ ቦሩ እጅ ገባ፤ ከፊቱ ሦስት ነጂዎች ስለቆሙ በሕጉ መሠረት ሁለት እርምጃ ሸሸ፤ ቢመጡበት ደግሞ ሁለት ሸሸ፤ እንዲህ እየሸሸ የሜዳው ጫፍ ደረሰና ከዚያ ወረወረው።

ሕዝቡ በአንድ አፍ «ገባ! ገባ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኼያለሁ። ወይዘሮ ሃጂራ ነጠላዋ መሬት እስኪወድቅ ጮኸች።

ክቡርነትዎ ከወንበርዎ ብድግ ብለው ምን እያሉ ነው ብለው ጠየቁ። አቶ ይገዙም ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ «ገባ እያሉ ነው፤ ከተማ ገባ እያሉ ነው» ብሎ ተረጎመልዎ። የማን መግባት እንደሆነ እሱም አልተናገረም፣ እርስዎም አልጠየቁ፤ የሁላችንም ልብ ያውቀዋልና። እርስዎ ካሚዮኑ ሥር የገቡበት ፍጥነት፣ ከነጂዎችዎ አንዱ እንኳ በስድስቱ ጨዋታ ያላሳየው ነበር። ከዚያ ሲወጡ ልብስዎን አራግፈው ያዘዙት የመጀመሪያ ትእዛዝ፣ ያ ረጅሙ ሰውዬ ይታሰር የሚል ሆነ።

ክቡር ሆይ፤ ገባ ማለት በአማርኛ ብዙ ነው። ሰው ቤቱ ይገባል፤ ፀሐይ ትገባለች፤ በሰኔ ክረምት ይገባል፤ ነገር ደግሞ ለሰው ይገባዋል፣ ይህ የመጨረሻው ዓይነት ለአቶ ይገዙ ባያጋጥመውም። ኳስም ቅርጫት ውስጥ ይገባል። የዚያን ዕለት የገባው ኳሱ ነው። ቦሩን ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ «ማን ነው የገባው? በየት በኩል ገባ?» እያላችሁ ትመረምሩታላችሁ። እሱም ኳሱ ነው ብሎ በመለሰ ቁጥር ምሥጢር ደብቋል ተብሎ መዝገቡ ይወፍራል። እኔ አንዲት ፊደል ብሳሳት ጎረቤቶቼ አንድ ቅዳሜ ሥጋ ሳያገኙ ቀሩ፤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ስቀውብኝ አለፈ። የእርስዎ ሰው አንዲት ቃል ቢሳሳት አንድ ሰው ከቢሮዎ ጀርባ ባለው የድንጋይ ቤት ውስጥ በጋውን ጨረሰ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አላየንም።

፬ኛ፦ ስለ ጭብጨባው ልጽፍ ነበር፤ ወታደር እጁን ሲያነሣ ብቻ እንድናጨበጭብ ስለወጣው ደንብ። ተውኩት። በአምስተኛው ቁጥር እቀጥላለሁ።

፭ኛ፦ ስለ አዲሱ ቡድን። የተመረጡትን አምስት ሰዎች አይተናቸዋል። አንደኛው ወጥ ቤትዎ ነው፤ ሁለተኛው ፈረስዎን የሚያጥበው፤ ሁለቱ ሰላምታ አሰጣጣቸው ያማረ ዘበኞችዎ ናቸው፤ አምበሉ ደግሞ አቶ ይገዙ ራሱ ነው። አቶ ይገዙ ትላንት በልምምድ ላይ ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ ለቅርጫቱ ሲያስረዳው ቆይቷል፤ ቅርጫቱ ግን አልተረጎመለትም። ይህ ቡድን ድንገት እንኳ ስለማይከት፣ ደጋፊው ያን አደገኛ ቃል የሚጮህበት ምክንያት አይኖርም። ክቡርነትዎ ቡድን ሲሠሩ ዋና ዓላማዎ የራስዎ ፀጥታ መሆኑን ተረድተን አድንቀናል። ተጋጣሚው ማን እንደሚሆን ግን ግራ ገብቶናል፤ ከካሚዮን ነጂዎችዎ ውስጥ አራቱ ራቅ ወዳለ ሜዳ ተጠርተው ሄደው አልተመለሱም፤ እዚያ ያጋጠማቸው ቡድን ደግሞ ሁለት እርምጃ የሚሸሽ አይደለም አሉ።

፮ኛ፦ የመጨረሻው ነው። የቦሩ ባለቤት ጉዲቱ በሳምንት ሁለት ቀን ስንቅ ታደርሳለች። ዘበኞቹ ምግቡን ያስገባሉ፣ ባዶውን ሰሃን ይመልሱላታል፤ ባዶ ሰሃን ማለት ባሏ በልቷል ማለት ነው። ሁዳዴ ከተጋመሰ ወዲህ ግን ሰሃኑ እንደሞላ ይመለስላት ጀመር። ለምን ብላ ብትጠይቅ አንዱ ዘበኛ «አዲስ ቡድን ተሠርቷል፤ አሮጌ ተጫዋች አንቀልብም» ብሎ ሳቀባት። ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ሲያስል ሰምታዋለች፤ ስለዚህ እስከ ባለፈው ዓርብ በሕይወት ነበረ። ያን ዕለት ቤቴ መጥታ፣ ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ባሌን የወሰደብኝ የእርስዎ ማንበብ ነው፤ አሁን ደግሞ ይጻፉና ይመልሱልኝ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰጥቶኝ የሚያውቅ ባለጉዳይ የለም። አለቀስኩ፤ ከዚያ ወረቀት አወጣሁ።

እንግዲህ የደጋፊው ሐሳብ ይኸው ነው። ዋንጫ አንፈልግም። አዲስ ቅርጫትም፣ አዲስ ደንብም አንፈልግም። አቶ ይገዙ እንደ ልቡ አምበል ይሁን። ቦሩ ብቻ በራሱ እግር ከዚያ ቤት ይውጣ፤ ሁዳዴው ሳያልቅ የሚስቱን ሹሮ ይብላ። ለዚህም ክቡርነትዎ እስካሁን ላሳዩን ቸርነት፣ ለጆሯችሁ ንቃት፣ ለአስተርጓሚያችሁ ሊቅነት፣ ሥራ ፈተን እንዳንውል ስላሰባችሁልንም ሁሉ ምስጋናችን እንዲህ በቀላሉ ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም፤ ቀሪውን ጊዜው ሲደርስ በአካል እናቀርባለን።

በኮልፌ ቆይታዎ እስካለ ድረስ ብቻ ታዛዥዎ የሆንኩት፣ ስሜን ሳልደብቅ፣ ቤቴም ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በታች መሆኑን ሳልሸሽግ የፈረምኩት፣

ወልደ አማኑኤል፣ ማመልከቻ ጸሐፊ
መጋቢት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስወጣ፣ ከደጅዎ ሁለት ካሚዮን ቆሞ የሲኞራ አልጋና ትልቁ መስተዋት ሲጫን አየሁ። ወደ ጅማ ነው አሉኝ፤ አየሩ ይስማማችሁ። አልጋውን ይውሰዱት፤ መስተዋቱንም ይውሰዱት፤ ቦታ ከተረፈ አቶ ይገዙንም ቢጭኑልን አንቀየምም። የድንጋዩን ቤት ቁልፍ ግን በኪስዎ ይዘውት እንዳይሄዱ። በጥድፊያ ረስተው ቢወስዱትም ሊመልሱት ብለው አይድከሙ። ጉዲቱ ከጠዋት ጀምሮ ከቤት ቤት እየዞረች የእንጨት ፈላጮቹን መጥረቢያ ስትሰበስብ ነው የዋለችው። ቤቱ የድንጋይ ቢሆንም በሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ኮልፌም ባሕር ዛፍ ሲፈልጥ የኖረ ሠፈር ነው።