የቀኝ ክንዴ ሰበብ

ኅዳር 19፣ ሐሙስ
ከሱቁ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት

እስከ ዛሬ ላልተቀየምሽኝ ለልጄ እናት፣

እንዴት ከረምሽ? ልጃችንስ? ያቺ እፍኝ የማትሞላ እንግዳችንስ እንዴት ናት? ጡት መሳብ በረታች? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ከአንቺና ከአንድ ብርጭቆ በቀር የጎደለ የለም፤ የብርጭቆውን ነገር ስትመጪ እናወራበታለን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ማለትሽ አይቀርም። አንቺ ስልክ ስታወሪ ድምፁን ለቀሽ ነው፤ ልጃችንም አብራ ትሰማለች። እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ምላሴ ይቀድመኛል። ባለፈው እሑድ የሆነውም ይኸው ነው። «ክትባቱን ወሰድክ ወይ?» አልሽኝ። «እንዴታ! ወስጃለሁ እንጂ!» አልኩሽ። አልወሰድኩም ነበር።

ይኸው ወጣልኝ። ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ እባክሽ ተቀመጪ፤ ገና አልጨረስኩም።

ሐኪሙ ያላችሁን ረስቼው አይደለም። የልጅ ልጃችን ያለ ወሯ ስለተወለደች ሳንባዋ አልጠናም፤ ስድስት ወር ሳይሞላት ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አይሰጣትም፤ ስለዚህ የሚያቅፏት ሁሉ ይከተቡላት ብሏል። አንቺ በማግስቱ ሄድሽ። አማቻችንም ከሥራው አስፈቅዶ ሄደ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ከጎረቤታችን ከሾፌሩ ጋር መጥቼ ላቅፋት ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ጫፏ ዱልዱም የሆነች ትንሽ መቀስም ገዝቼላታለሁ። ግንባሯ ላይ የወረደውን ፀጉር አባዬ ነው የሚያስተካክላት ብላ ልጃችን ማንንም እንዳላስነካች ነግረሽኝ አልነበር?

እሑድ ዕለት ስልኩን ከእጅሽ ተቀብላ «አባዬ፣ እንቢ እንደምትል እርግጠኛ ነበርኩ። አመሰግናለሁ» ስትለኝ ድምፅዋ ተቆራረጠ። እኔስ ምን አልኩ? «ለዚህች ነው እንዴ!» አልኳት። ጀግና ነኝ እኮ! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምሳ አልበላ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሄጄ እወጋለሁ፣ ውሸቱም እውነት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰኞ ደንበኛ በዛ። ማክሰኞ ዘነበ። ሰበብ ለፈለገ ሰው ሳምንት ሙሉ ሰበብ ነው።

ለምን እንቢ እንዳልኩ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ መርፌ ስለሚፈራ ነው ብለሽ ትስቂብኛለሽ። እሱም ትንሽ አለበት። ዋናው ግን የአምናው ነው። አምና አንቺው ጎትተሽ ወስደሽኝ «የትኛው ክንድ ይሁን?» ስባል፣ ወንድነቴ መጥቶብኝ ቀኙን ገልጬ ሰጠሁ። በማግስቱ መቀሱ መዶሻ ሆነብኝ። እጄን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት አቃተኝ። አንዱን ደንበኛ ግማሽ ራሱን ከርክሜ «የቀረውን ነገ» ብለው ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኑንም አላየሁት። ሌሎቹ ማዶ ካለው ሱቅ ገቡ። እኔ ባዶ ወንበር እየጠበቅሁ ዋልኩ።

የምሠራበትን እጅ ለመርፌ ሰጥቼ ተሞኘሁ ማለት አፈርኩ። በዚያ ፈንታ «ይሄ ክትባት ሰው ያልፈሰፍሳል» ማለት ጀመርኩ። ታውቂኝ የለ? ወሬ እጄ ከገባ ሳላሳድገው አልለቅም። ክንዴን ብቻ ያመመኝን ሰውነቴን ሁሉ አደረግሁት። ትኩሳት ጨመርኩበት። አልጋ ላይ መዋል ጨመርኩበት። ዘንድሮ ሲጠይቁኝ ለመሞት ትንሽ ነበር የቀረኝ! ሰዉም ይሰማኛል። ምላጭ ይዤ ጉሮሮው ላይ ቆሜ ሳወራ ማን ይከራከረኛል?

ጋሽ ፊሽካ ሰሙኝ። ባቡር ጣቢያ ፊሽካ ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡት፣ ልባቸውን የሚያማቸው ደንበኛዬ። ባለፈው ወር አረፋ ተቀብተው፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው «አንተ፣ ሐኪሙ ተከተብ እያለ ነዘነዘኝ። ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔም ምላጩን እየሳልኩ «ይቅርብዎ ጋሼ! እኔን ያየ ይቀጣ!» አልኳቸው። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሲስቁ አረፋው አፋቸው ገባ። ቀረባቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ሊላጩ ሲመጡ ያስላቸው ነበር። ብርድ ነው አሉ። ጉንጫቸውን ወጥሬ፣ ፊቴን ፊታቸው ላይ ደፍቼ ላጨኋቸው። እሑድ አንቺን ዋሸሁሽ። ትናንት ረቡዕ ባለቤታቸው ሱቅ መጡ። ጋሽ ፊሽካ ሆስፒታል ገብተዋል። ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ወደ ሳንባቸው ወርዷል፣ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ነው። ሴትዮዋ የመጡት ሊወቅሱኝ አልነበረም። «ጢሙ አድጎ አስጨንቆታል። ከአንተ ሌላ ሰው አይነካኝም አለ። እባክህ መጥተህ ላጭልኝ» ሊሉኝ ነው።

ምላጭና ብሩሼን በፎጣ ጠቅልዬ ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ እንደ ዋዛ «ሐኪሙ ተከተብ ብሎት ነበር እኮ። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዬን ላማክር ብሎ ሄደና ተወው» አሉኝ። ያን ምክር የሰጠሁት እኔ መሆኔን አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ይቅርታ ልል ብዬ «አስፋልቱ ያንሸራትታል፣ ይጠንቀቁ» አልኳቸው። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል?

የሕሙማኑ ክፍል በር ላይ አንዲት ወጣት ነርስ አስቆመችኝ። «አባባ፣ የዘንድሮውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስደዋል?» አለች። እንደ እሑዱ «እንዴታ» ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ጋሽ ፊሽካ በመስታወቱ በኩል አዩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አለ። እኔን ሲያዩ ግን እጃቸውን እንደምንም አንስተው አገጫቸውን ዳሰሱ። ና እስቲ ላጨኝ ማለታቸው ነው። ያመኑኝ እኮ አሁንም ያምኑኛል!

«አልወሰድኩም» አልኳት።

«እንግዲያው አይገቡም» አለች።

ፎጣዬን ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። በእጄ ቆይ፣ ቆይ እያልኩ አወዛወዝኩላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀስኩ፤ ለአንቺ ምን እደብቃለሁ።

ነርሷን «በይ አሁኑኑ ውጊኝ» ብላት ታች ወዳለው የክትባት ክፍል ወሰደችኝ። እዚያም አመሌ አልቀረም፤ «የአምናው አይበቃም ነበር?» አልኳት። የተጠቀለለውን ምላጭ አይታ «ጢምዎን አምና ተላጭተው ዘንድሮ አላደገም?» አለችኝ። በሽታው በየዓመቱ መልኩን ይለውጣል፣ የአምናውም ክትባት ጉልበቱ ይደክማል አለች። እኔ ወሬ እየሰማሁ ቀኙን እጅጌዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። «በየትኛው እጅዎ ነው የሚሠሩት?» አለች። «በዚሁ» አልኳት። «ታዲያ ግራዎን አያመጡም?» ዓመት ሙሉ የሰበክሁት ስብከት በዚህች አለቀ፤ ግራዬን ተወጋሁ።

ሳልጠየቅ፣ ጋሽ ፊሽካን እያሳላቸው እንደላጨኋቸውና ቅዳሜ የልጅ ልጄን ላቅፍ እንደምሄድ ነገርኳት። ያለ ወሯ መወለዷን ስትሰማ ፈገግታዋ ጠፋ። «አባባ፣ ክትባቱ ሥራውን እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። የታመመ ሰውም ፊት ለፊት ላጭተዋል። አሁን አይሂዱ» አለች። «ከዚያ በኋላስ ምንም አይነካኝም?» አልኳት። «እሱን ማንም አይምልልዎትም። በጣም ይረዳዎታል። ካሳልዎት ግን ያን ጊዜም ይቅሩ» አለች።

የልጄ እናት፣ አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ትጠዪኝ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት፣ ነርሷ ያለችውን ትቼ ቅዳሜ ልመጣ ቆርጬ ነበር። ማን ያውቃል ብዬ ነው። አንቺ ተከትቧል ብለሽ አምነሻል፣ ልጃችንም አምናለች። ትኩሳት የለኝም፣ አልሳልኩም። ክንዴ ላይ ደግሞ ጥጡ እንኳ አልተነሳም፣ ብትጠይቂኝ ገልጬ አሳይሽ ነበር። ሻንጣዬን አንስቼ በር ድረስ ሄጃለሁ፤ ለሾፌሩ አስረክቤ የቅዳሜውን ሰዓት ላረጋግጥ። ከዚያ ሕፃኗ ስትስል ታየችኝ። ያቺ ሳንባ! እሷ ብትታመም እናንተ «ከየት መጣ?» እያላችሁ ግራ ስትጋቡ እኔ አብሬ ግራ ልጋባ? ሻንጣውን መልሼ አስቀመጥሁ።

ሱቅም ገብቼ ለደንበኞቼ ተናገርኩ። «አምና ያመመኝ ክንዴን ብቻ ነው፣ ሌላው የኔ ጭማሪ ነው» አልኳቸው። ሳቁ፤ የተለመደው ቀልዴ መሰላቸው። ጥጡን ሳሳያቸው ተጠግተው አዩት። ልብስ ሰፊው ብቻ «እናቴን እኮ በአንተ ወሬ ነው ያስቀረኋት» ብሎ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ተነሳ። ፎጣ ሰጥቼው ወጣ። እናቱን ሊወስዳት ሄዶ ከሆነ ደግ፣ ከእኔ ጋር ተጣልቶም ከሆነ እውነቱን ነው።

ጋሽ ፊሽካ ዛሬ ትንሽ ተሽሏቸዋል አሉ፤ ግን ኦክስጅኑ አልተነሳላቸውም። ባለቤታቸውን ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ስለ አስፋልት አላወራም።

ቅዳሜ እንግዲህ በእኔ ፈንታ ይህ ደብዳቤ ይመጣል። አንድ አደራ አለኝ። አንብበሽ ስትጨርሺ ለልጃችን ስጫት። «አባትሽ ሥራ በዝቶበት ነው የቀረው» እንዳትያት። አንቺ እኔን መሸፈን ለምደሻል፤ እኔም መሸፈን ለምጄ ነው እንዲህ የሆንኩት። ትቆጣኝ። ያቺ የእሑዷ «አመሰግናለሁ» የእኔ አይደለችም፣ መልሳ ትውሰዳት። ና ካለችኝ፣ ጊዜው ሲደርስ ጤነኛ ከሆንኩ እመጣለሁ። አትምጣ ካለችም ልጄ ናት፣ ታውቃለች።

ወገብሽን አይመምሽ፣ እንቅልፍሽም ይሙላ። ልጃችንን ጉልበት ይስጣት። ለዚያች ትንሽ ሰው ትንፋሽ የሰጠ አምላክ ራሱ ያጽናላት፤ በእኔ የሚመጣ ክፉ ነገር አይድረስባት።

ሳሚልኝ ልልሽ ነበር። በኔ ስም ሳይሆን በራስሽ ሳሚያት፤ አንቺ በጊዜ ተከትበሻል።

ባልሽ