ተራራውን ያለ ፈቃድ ስላየችው ረዳት አብራሪ

ለተከበሩ የአየር መንገዱ የበረራ ሥራዎች ዋና ኃላፊ፣

ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ ዘጠኙን በነርሶች አለቃነት ያገለገለች ሴት ጤና ስትመኝ ለወግ ያህል አይደለምና፣ የደም ግፊትዎ ልከኛ፣ ምግብዎ የሚስማማዎት፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልብ እመኝልዎታለሁ። በተለይ እንቅልፍዎ። ለልጅ ልጄ የጻፉላትን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ የእኔ ከቤት ጠፍቷልና፣ እርስዎ ዘንድ መጥቶ እንደሆነ በደህና ይያዙልኝ።

ይህን ጽሑፍ በአደባባይ ያወጣሁት ድፍረት በዝቶብኝ አይደለም። በቀጥታ ለቢሮዎ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መልስ አግኝተዋል። መልሱ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ለዚህ መልእክት ምላሽ አይስጡ» የሚል ነው። በዚህ ፍጥነት የሚጽፍ ሰው በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ ማን እንደመለሰልኝ ገብቶኛል፤ ለእሱም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

እኔ በመሥሪያ ቤትዎ ረዳት አብራሪ የሆነችው ልጅ አያት ነኝ። ያሳደግኋትም እኔው ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ፖስታ ይዛ መጣችና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ቆማ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለይዘቱ፣ አንዴ ለሥርዓተ ነጥቡ። በሥርዓተ ነጥቡ በኩል እንከን አላገኘሁበትም። በይዘቱ ግን ልጅቷ ለሠላሳ ቀን ከበረራ ታግዳለች፤ የፊታችን ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ቀርባ የጥፋተኝነት ቅጽ ካልፈረመች ደግሞ ከአብራሪነት ትሰናበታለች።

ጉዳዩን የማያውቁ አንባቢዎች እንዳሉ ስለማምን፣ የተከበሩ ኃላፊ ከፈቀዱልኝ ጥፋቷን ባጭሩ ልተርክ።

ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት በነበረ አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አውሮፕላኑ መቶ ሠላሳ አንድ ተሳፋሪ ይዞ ለማረፍ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ነፋሱ አቅጣጫ በመቀየሩ የመቆጣጠሪያ ማማው በተቃራኒው ጫፍ በኩል እንዲያርፉ አዘዛቸው። አውሮፕላኑን የሚመራው አውቶፓይለቱ፣ ያለ ሰው እጅ የሚያበረው መሣሪያ፣ ነበር። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ፣ የልጅ ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ አንደኛው አብራሪ ዓይኑን ከጉዞው ሳይነቅል ሌላኛው አዲሱን መንገድ ኮምፒዩተሩ ላይ ይጽፋል። ካፒቴኑ ግን ጣታቸው ከመፍጠኑ የተነሣ ባልደረቦቻቸው «ፒያኖ» የሚሏቸው ሰው ናቸውና፣ እሷ ከማማው ጋር ስትነጋገር እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው መጻፍ ጀመሩ። ኮምፒዩተሩ አሮጌውን መንገድ ሰረዘ፤ አዲሱ ደግሞ ገና ተጽፎ አላለቀም። አውቶፓይለቱ፣ በእናንተ ዘንድ ካላቸው ማዕረግ አንጻር እኔም አንቱ ልበላቸውና፣ መንገድ ሲያጡ በያዙት አቅጣጫ ቀጥ ብለው ሄዱ። ቀደም ሲል ውረዱ ተብለው ስለነበርም እየወረዱ ሄዱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። ፊት ለፊታቸው ተራራ ነበር።

ከድምፅ መቅጃው የተገለበጠውን ጽሑፍ ስላያያዙልን እግዜር ይስጥልን። «ካፒቴን፣ ቀጥ ብለን እየሄድን ነው» ትላለች የልጅ ልጄ። «ቆይ፣ ልጨርስለት» ይላሉ ካፒቴኑ። «ካፒቴን፣ አልታጠፈም እኮ!» ትላለች። «ይታጠፋል፣ አንዴ ይቀበለኝ ብቻ» ይላሉ። በዚህ መሐል ደመናው ሲከፈት የተራራው ዛፎች አንድ በአንድ ታዩዋት፤ «ተራራ! ይዤዋለሁ!» ብላ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች፣ አውቶፓይለቱን አሰናበተች፣ መሪውን በእጇ ይዛ አፍንጫውን ቀና፣ ክንፉን ወደ ግራ አደረገች። ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ራሷ አሳረፈችው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ቅሬታ ያቀረበችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ጭማቂ ቀሚሷ ላይ ስለፈሰሰ። እሷም ካሳ ተከፍሏታል መሰለኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ። ተቆጥሮ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብለው ነው ያስተማሩን።

፩. በመጀመሪያ፣ ከደብዳቤው ጋር በተያያዘው ሪፖርት ሁለተኛ ገጽ ላይ «አውቶማቲክ ሥርዓቱ እንደተነደፈው ሠርቷል» ብለው ስላረጋገጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ተራራውም እንደተነደፈው ቆሞ ነበር። ሁለቱም ያለ አንዳች ጉድለት ሥራቸውን እየሠሩ ሊገናኙ ሲሉ፣ መሐል ገብታ ያደናቀፈችው የእኔ ልጅ መሆኗ አሳፍሮኛል።

፪. ሁለተኛ፣ እርምጃዋ «ያለጊዜው የተወሰደ» መሆኑን ስላስረዱን አመሰግናለሁ። የመሬት መቃረብ ማስጠንቀቂያው ገና አልጮኸም ነበርና፣ ደብዳቤው እንደሚለው፣ ረዳት አብራሪዋ መሣሪያው አደጋ መኖሩን እስኪያሳውቅ መጠበቅ ነበረባት። እኛ ሳይቃጠል በቅጠል እየተባልን ስላደግን ይህን አላስተማርናትም። በእኔ ዘመን አንዲት ነርስ በሽተኛው ከንፈሩ ሳይጠቁር ኦክስጅን ብትሰጠው እናመሰግናት ነበር። ለካ እስኪጠቁር ጠብቃ፣ መጥቆሩን በቅጽ ሞልታ ነው መስጠት የነበረባት። ስንት ዓመት በስሕተት አገልግያለሁ!

፫. ሦስተኛ፣ ከካፒቴኑ ፈቃድ ሳትጠይቅ መሪውን መያዟን በተመለከተ። ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። ሁለት ጊዜም «ቆይ» ተባለች። ሦስተኛውን ተራራው ሊነግራቸው ነበር።

፬. ይህኛው ረዘም ስለሚል ወንበርዎን ቢያመቻቹ ደስ ይለኛል።

የአብራሪዎቻችሁ ሥራ በነጥብ እንደሚመዘን ተረድቻለሁ። አውሮፕላኑ ከተነሣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጀምሮ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በአውቶፓይለት እንዲበር ይፈለጋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት እንኳ በእጁ ያበረረ አብራሪ የበረራው መረጃ ተነቦ ነጥቡ ይቀነሳል፤ ወሩ ሲያልቅም ዝርዝሩ መሰብሰቢያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ በአረንጓዴና በቢጫ ቀለም ይለጠፋል። የልጅ ልጄ ባለፈው ዓመት አንድ ቢጫ አላት። ወንጀሏ በአንድ ፀሐያማ ጠዋት ካፒቴኗን አስፈቅዳ አውሮፕላኑን በእጇ ማሳረፏ ነው። ባልደረቦቿ በዚያ ቢጫ ለወራት ሲቀልዱባት ከርመዋል፤ «እመቤቲቱ፣ ዛሬም በእጅሽ ነው ወይስ እንደ ሰው?» ይሏታል አሉ።

ይህ የሥራ ዘዴ እጅግ የረቀቀ ነው። አብራሪው ቀላል በሆነበት ቀን በእጁ እንዳይነካ ይከለከላል፤ አውቶፓይለቱ እጅ ሰጥቶ «እንካችሁ፣ ያዙ» ባለበት በከፋው ቀን ግን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ጎበዝ እንዲሆን ይጠበቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ባለ የበረራ ማስመሰያ ክፍል ውስጥ ይለማመዳሉ ብለዋል። ጥሩ ነው። እኔም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ደም ሥር የምትፈልግ ነርስ አውቃለሁ፤ እጅዎን እንዲሰጧት ግን አልመክርዎትም።

የልብ ምት የሚያሳየው ማሽን ወደ ክፍላችን የመጣ ሰሞን አንዲት ወጣት ነርስ «ሞቱ! ሞቱ!» እያለች ኮሪደሩን በጩኸት ሞላችው። ሁለት ሐኪሞችና አምስት ነርሶች ሮጠው ማሽኑን ከበቡት። አንዱ ቁልፉን ይጫናል፣ አንዱ ገመዱን ይነቅላል፣ አንዱ መመሪያውን ይገልጣል። አልጋው ላይ ያሉት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ቀና ብለው «ልጆቼ፣ ለማን ነው የምትሯሯጡት? ይልቅ ውሃ ስጡኝ» አሉ። ገመዱ ከደረታቸው ላይ ተንሸራቶ ነበር። ስቀን ስቀን ልንሞት። ሌላ ቀን ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ማሽኑ መልካም ቁጥር ያሳይ ነበር፤ እኛም እሱን ስናይ ዋልን። ያንን አልተርክልዎትም።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ክፍል ሕጉ አንድ ነበር። ነርሷ ጠዋት ስትገባ ማሽኑን ከማየቷ በፊት ሁለት ጣቷን የበሽተኛው እጅ ላይ አድርጋ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ ትጽፋለች፤ ከዚያ ማሽኑን ታያለች። ሁለቱ ካልተስማሙ ትጠራኛለች። «ሲስተር፣ ማሽኑ እኮ ካንቺ ጣት ይበልጣል» ይሉኝ ነበር ሐኪሞቹ። ይበልጣል። ስለዚህም ነው ጣቴን ያላሳረፍኩት፤ የሚበልጠኝ ሲሳሳት የሚያውቅበት አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር ነበረበት።

፭. አምስተኛ፣ ስለ ቅጹ። «ወደፊት ያለ ካፒቴን ትእዛዝ አውቶማቲክ ሥርዓቱን እንደማላቋርጥ ቃል እገባለሁ» ይላል። አንድ መስመር ቢጨመርበት ምን ይመስልዎታል? «ተራራውም ቢሆን» የምትል።

እንዳያዝኑብኝ ይህንንም ልበል። ከማሽኑ ጋር ጠብ የለኝም። የልጅ ልጄም የላትም። ሌሊቱን ሙሉ ሳያዛጋ ከፍታ ይጠብቃል፤ ጉም ውስጥ ከሰው ዓይን በተሻለ መንገዱን ያገኛል፤ ከሚስቱ ተጣልቶ አይመጣም። በእሱ ምክንያት ስንት ሰው በሕይወት እንዳለ እሷው ናት የምትነግረኝ፤ ጓደኛ ነው የምትለው። እኔ የምቃወመው ማሽኑ ጓደኛ መሆኑ ቀርቶ አለቃ፣ አብራሪዎቹም የእሱ ጸሐፊዎች መሆናቸውን ነው። ሁለት ሰዎች አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ያስቀመጣችሁት አንደኛው ሲያጎነብስ ሌላኛው ቀና እንዲል መስሎኝ ነበር። ቀና ያለችውን ከቀጣችሁ፣ ከሐሙስ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ረዳት አብራሪ ዛፎቹን አንድ በአንድ እያየ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ዛፎቹ ሳይሆን ስለ ቢጫው ነው። የእኔ ልጅ ሥራዋን ታጣ ይሆናል፤ ገና ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ ትማራለች። ያን ቀን ከኋላ የሚቀመጡት መቶ ሠላሳ አንድ ሰዎች ግን ሌላ ነገር የሚማሩበት ጊዜ አይኖራቸውም።

የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ቅጹ ይቀደድ። አብራሪዎቻችሁም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ቢያንስ በወር አንዴ፣ ነጥብ ሳይቀነስባቸው በእጃቸው ያሳርፉ። ውድ ነገር አልጠየቅሁም፤ ፀሐዩም ነፃ ነው፣ እጁም የራሳቸው ነው።

የልጅ ልጄ ምን ላድርግ ብላ ስትጠይቀኝ ፈርሚም አትፈርሚም አላልኳትም። ያን ቀን ብትጠብቂ ኖሮ ማስጠንቀቂያው በጊዜ ይጮህ ነበር ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኋት። «ሊጮህ ይችል ነበር፤ እኔ ግን በሊሆን ይችላል ሰው አልጭንም» አለችኝ። ስለዚህ ሐሙስ የሚደርሳችሁ ቅጽ ባዶ መሆኑን አስቀድሜ የማሳውቅዎት የኮሚቴው ጊዜ እንዳይባክን በማሰብ ብቻ መሆኑን ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

ለሚሰጡት ትኩረት፣ ለትዕግሥትዎ፣ ላልሰጡኝም መልስ ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ቅጾች፣ ለእርስዎም መጋረጃው የተገለጠ መስኮት እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ የነርሶች አለቃ፣
ቀድማ ያየችው ልጅ አያት

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ ቤቴ መጥተው ነበር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ባርኔጣቸውን ሲያዞሩ ቆዩና፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። «እሷ መሪውን ባትይዘው ኖሮ እኔም ሆንኩ ተሳፋሪዎቼ ዛሬ የለንም፤ ያጎነበስኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ምስክርነታቸውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ሐሙስ ራሳቸው ቆመው ያነቡታል። በነጥቡ ፍራቻ አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድም አውሮፕላን በእጃቸው እንዳላሳረፉ ይጨምሩት ወይስ ይተዉት እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ይጨምሩ አልኳቸው። ፊደሉ ተንቀጥቅጦ ለማንበብ ቢቸገሩ አይፍረዱባቸው፤ ከአሥራ አንድ ወር ወዲህ መሥሪያ ቤትዎ ሳይቆጣጠራቸው በእጃቸው የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ነው።