አርጂያ የቀዳችልኝ ውሃ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዛሬም አሮጊቷን አርጂያን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል አደረስኩ። ዝናብ... የመኪናው መጥረጊያ ደግሞ ግማሹን መስታወት ብቻ ነው የሚጠርገው።

ከመነሳታችን በፊት እንደ ሁልጊዜው ውሃ ቀዳችልኝ። በሽተኛ በነጻ የሚያመላልሰው የማኅበራችን ወግ ነው፤ ከበሽተኛ ቤት ከአንድ ብርጭቆ ውሃ በቀር ምንም አንቀበልም። እንደ ሁልጊዜውም ካፖርቷን ልታመጣ ዞር ስትል መስኮቱ ላይ ያለው አበባ ላይ ደፋሁት። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለንስሐ አባቴም። ብርጭቆው ያስጠላኛል። ማታ ሰው ሠራሽ ጥርሷን የምታስቀምጥበት ይመስለኛል። አላየሁም... ይመስለኛል እንጂ።

እሷ የተፈቀደላት ውሃ በቀን ጥቂት ጉንጭ ነው። ጥሙ ሲብስባት በረዶ ትመጥጣለች። እኔ እደፋለሁ። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ፊተኛው ወንበር ላይ ተንበርክኬ እታያለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ ማርች 7

ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበራችን ዶቶር ቼሬታኒ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ሽቶው ቀድሞት ገባ። የአንድ ሌላ በጎ አድራጎት ድርጅት ሌብነት በቴሌቪዥን ከወጣ ወዲህ ሰው እጁን ሰብስቧል አለ። ይሄስ እውነቱን ነው። ቀልደኛው ብሩኔሮ፣ ቡና ቤት ውስጥ የማኅበሩን ዩኒፎርሜን ባየ ቁጥር "ኢቮ፣ የሊቀመንበራችሁ ጀልባ ተቀባች?" ይለኛል። ጀልባ እንኳ የለውም። ቢኖረው ግን አይገርመኝም።

"ሰው ፊት ካላየ አያምንም" አለ ቼሬታኒ። "ያረጀ፣ የታመመ፣ ብቸኛ የሆነ ፊት እናሳየው።" ልክ የትኛው ብልት ይሻላል እንደሚል ሥጋ ሻጭ። ከጀርባው፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ፣ የጥንት አባሎቻችን ያጠልቁት የነበረው ጥቁር ቆብ አለ። ሁለት የዓይን ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ፊት የሚሸፍን። ማን እንደረዳ እንዳይታወቅ። እሱ ሥር ቆሞ እኮ ነው ይህን የሚያወራው!

ወደ እኔ ዞረ። "አርጂያ አንተን እሺ ትላለች። ደግሞ ምን የመሰለ ሽብሽብ አላት!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ፎቶዋን አነሷት።

"ሲኞራ አርጂያ፣ ፎቶ ብቻ እኮ ነው። ምን ይጎዳዎታል?" ብያት ነበር። እሷም፦ "እምቢ ካልኩ መኪናው ይቀርብኛል?"

ኧረ በጭራሽ ማለት ነበረብኝ። "እነሱን ማስቀየም ጥሩ አይደለም" አልኩ። ለምን? ቼሬታኒ ትከሻዬን መታ መታ እንዲያደርግልኝ?

ዕድሜዋን ሙሉ የሙሽራ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ፀጉሯን ልታበጥር ስትነሳ ፎቶ አንሺው "አይ፣ እንደዚሁ ይሻላል" አላት።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ፖስተሩ በየግድግዳው ተለጥፏል። ዳቦ ቤቱ ጎን፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ... በር የሚያህል የአርጂያ ፊት። ከሥሩ "ብቻዋን አትተዉአት" ይላል።

ለእጥበት አልወረደችም። ወጥቼ አንኳኳሁ።

"ሂድ" አለችኝ ከውስጥ።

"ሲኞራ፣ እጥበቱ እኮ..."

"ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ልጅቷ ሂሳብ አልቀበልም አለችኝ። 'ይውሰዱት፣ ምስኪን!' እኔን! የሠርግ ልብሷን የሰፋሁላትን!"

ከበሩ ጀርባ ቀጠለች።

"ድሮ ፊታችሁን የምትሸፍኑት እናንተ ነበራችሁ። አሁን የእኔን ገለጣችሁት። ሂድ አልኩህ።"

ሐሙስ፣ ማርች 27

ዛሬም አልወረደችም። ነርሷ ደወለችልኝ። "ሁለት ጊዜ ቀረች። እስከ ነገ ካልታጠበች ልቧ ይቆማል፣ ገባህ? በየትኛውም ሰዓት አምጣት።"

ቼሬታኒ ጋ ሄድኩ። ፖስተሩ ይነሳ አልኩት።

"ኢቮ ወንድሜ፣ ስጦታው እየጎረፈ ነው እኮ! ትንሽ ታገስ።"

"ልትሞት ነው።"

"እግዚአብሔር ይጠብቃት" አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። "ደግሞ ፎቶውን ፈቅዳ ፈርማልናለች።"

ናቅሁት። እስከ ቤቴ ድረስ እየናቅሁት ሄድኩ። በሩን ስከፍት ግን ሚስቴን ዛይራዬን፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሰማኋት መሰለኝ። "ቼሬታኒ እንኳ ውሃዋን ደፍቶባት አያውቅም..." ልጸልይ ተንበረከክሁ። ምንም አልመጣልኝም።

ዓርብ፣ ማርች 28

የገበያ ቀን። ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ባልዲ፣ መፋቂያ፣ መሰላል። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ።

ከዳቦ ቤቱ ጀመርኩ። ብሩኔሮ ከቡና ቤቱ በር ላይ "ደግሞ አሁን ምን ልትለጥፉብን ነው?" አለኝ።

"ልለጥፍ አይደለም፣ ልልጥ ነው።"

ቀና ብሎ የአርጂያን ፊት አየ። ቡናውን ትቶ መጣና መሰላሉን ያዘልኝ። ቀልድ እንኳ አልጨመረም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ስንደርስ ቼሬታኒ በነጭ ጋውኑ እየሮጠ መጣ። "አብደሃል? የማኅበሩ ንብረት እኮ ነው!"

"ፊቱ የእሷ ነው፣ ዶቶሬ።"

"ከዛሬ ጀምሮ አባል አይደለህም!" ገበያተኛው ሁሉ ሰማ። ጃኬቴን አውልቄ አስታቀፍኩት። ይበርድ ነበር።

በራሴ መኪና አርጂያ ቤት ሄድኩ። እርጥቡን ወረቀት በባልዲ እንደያዝኩ በሯ ላይ ቆምኩ።

"አወረድኳቸው።"

"ዳቦ ቤቱ ጋ ያለውንም?"

"መጀመሪያ እሱን።"

ቁልፉ ዞረ። ፊቷ አብጧል፣ ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው። "ሲኞራ፣ በሞቴ እንሂድ፣ እየጠበቁን ነው" አልኳት።

"ቆይ። ወግ አለ።"

ቧንቧውን ከፈተች። ያንኑ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። የራሷ ከንፈር በጥም ተሰነጣጥቋል። ዓይኔ ሳላስበው ወደ መስኮቱ ሄደ። አበባው ለምልሟል...

"ወደዚያ አትይ" አለችኝ። "እሱ ሦስት ዓመት ጠጥቷል። አሁን አንተ ጠጣ። ቀስ ብለህ፣ እያየሁህ።"

ጠጣሁት። ቀስ ብዬ፣ ጠብታ ሳላስቀር።