ሸምበቆን ለነፈጉኝ ክቡር ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ቢሩክ ፍሥሐ
የኮለምበስ ሐበሾች የቤዝቦል ሊግ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ዳኛና የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ዎርዝንግተን

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎን፣ ወገብዎንና ቀኑን ሙሉ በሦስት ስክሪኖች መካከል ሲዞር የሚውለውን አንገትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ከሜይ ወር ጀምሮ ስለ እኔ ጤና፣ በተለይም ስለ አእምሮዬ ጤና፣ ከእርስዎ የበለጠ የተጨነቀ ሰው ስለሌለ፣ ደኅና መሆኔን አስቀድሜ ላሳውቅዎ እወዳለሁ። ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ስሜን አስታውሼዋለሁ፤ ቀኑ እሑድ፣ ወሩ ኦገስት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቄአለሁ፤ የጫማዬንም ክር ያለ ረዳት አስሬአለሁ።

እርስዎን የማውቅዎ ክርስትና ከተነሡበት ዕለት ጀምሮ ነው። እስካሁን አንቱ ብዬዎት አላውቅም፤ ዛሬ ያልኩት ለወንበሩ ነው። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩትም እርስዎን ለማስቸገር ሳይሆን እናትዎ እትዬ መሰረት እንዲያነቡልዎ ነው። መሐል ላይ ድምፃቸው ቢለወጥ፣ እባክዎ «ስኪፕ አድርጊው» አይበሏቸው።

ይህን በሐበሻ ግሮሰሪው በር ላይ ተለጥፎ ለሚያነቡ፣ ጨዋታውን ግን ለማያውቁ ወገኖች ባጭሩ ላስረዳ። እኛ አሥራ ሁለት ሰዎች በየዓመቱ ማርች ወር ላይ ተሰብስበን በትልልቆቹ ቡድኖች የሚጫወቱ እውነተኛ የቤዝቦል ተጫዋቾችን በስም እንከፋፈላለን። የወሰድነው ሰው በሜዳ ላይ ሲቀናው ነጥቡ ለእኛ ይቆጠራል፤ ብዙ ነጥብ የሰበሰቡት አራት ሰዎች በሴፕቴምበር ለፍጻሜ ይጋጠማሉ። በመሐሉ ተጫዋች ለተጫዋች መቀያየር ይቻላል፤ ይህን ትሬድ እንለዋለን። የፈረንጆቹ ስም ለአፋችን ስለማይመች ለእያንዳንዱ የራሳችንን ስም እናወጣለታለን። የእኔ ጎልያድ ደንዳና መቺ ነው፤ ሸምበቆ ደግሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ በግራ እጁ የሚወረውር ወጣት ፒቸር ነው። ጠቡ ከእነዚህ ከሁለቱ አያልፍም።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

አንደኛ፣ ከራሴ ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ። በሜይ አሥራ ሁለት፣ ግሮቭ ሲቲ በሚገኝ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚነዳው ወንድማችን ጁነዲን ከሥራ ሲወጣ ፓርኪንግ ላይ ተገናኝተን ጎልያድን ሰጥቼው ሸምበቆን ሊሰጠኝ ተጨባበጥን። በማግሥቱ ከሊጉ ውጭ ያሉ የማኅበራችን ሰዎችም በሚያነቡት የቴሌግራም ግሩፓችን ይህን አነበብኩ፦ «ጋይስ፣ ይሄ ትሬድ ፌር አይደለም። ኮምፒውተሩ ሰማንያ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ ነው የሚለው። ጁኒ ጋሼን ሸውዷቸዋል። ጋሼን ፕሮቴክት ማድረግ አለብን፤ ቪቶ አድርጌዋለሁ።» ጎልያድ ሰማንያ አንድ፣ ሸምበቆ አሥራ ዘጠኝ ያወጣል፤ ስለዚህ ልውውጣችን ተሰርዟል ማለት ነው። ከሥሩም ቀይ ልብ ተቀምጧል። ስምንት የሊጉ አባላትም እየተከተሉ ልባቸውን አስቀመጡ። እኔን ግን አንድም ሰው ስልክ አንሥቶ «ጋሼ፣ ለምን ቀየሩት?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ያኔ ስላልተጠየቅሁ አሁን ልመልስ። ሃያ ሁለት ዓመት ከኤርፖርት ታክሲ ስነዳ ይህን ጨዋታ ያስተማረኝ ሬዲዮ ነው። ሌላ መምህር የለኝም። ያልገባኝን ቃል ቀይ መብራት ሲይዘኝ በደብተር እየጻፍኩ፣ ቤት ስገባ በመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ ነው የተማርኩት፤ እንግሊዝኛዬም የተገኘው ከዚያው ነው። በኤፕሪል ወር ጎልያድ ዘጠኝ ጊዜ ኳሱን ከአጥር ውጭ አውጥቶ ዘጠኝ ሆም ረን መታ። የእርስዎ ኮምፒውተር ዘጠኙን ቆጠረ። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ኳስ እንደመታ ጻፍኩ፤ ዘጠኙም ዝግ ያሉ፣ የሚታጠፉ ኳሶች ነበሩ። ፈጣን ኳስ ሲመጣበት ዱላው የሚደርሰው ኳሱ ከኋላው ተቀምጦ በሚቀበለው በካቸሩ እጅ ከገባ በኋላ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው እጁ ሲዘገይ ደግሞ ነገሩ የአንድ ሰሞን አይደለም፤ ተቃራኒ ቡድኖች ይህን ለማወቅ ስድስት ሳምንት ይበቃቸዋል። በዚያ ላይ በእርሱ ቦታ የሚጫወቱ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩኝ፤ ፒቸር ግን አልነበረኝም። ሦስት ካፖርት ይዞ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው አንዱን ካፖርት በጫማ ቢለውጥ ተሸወደ የሚባል ከሆነ፣ እውነትም ተሸውጃለሁ።

ሁለተኛ፣ ሞግዚት ስለሾሙልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሊጋችን አባል ወይዘሪት ሐምራዊት ካልፈቀደችልኝ በቀር ከቡድኔ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ማንቀሳቀስ እንደማልችል ወስነዋል፤ ማዕረጓም «ኮ-ማኔጀር» ነው። ልጅቷ ጨዋ ናት። በመጀመሪያው ቀን ደውላልኝ፣ «ጋሼ፣ አይ አም ሶ ሶሪ። እኔ እኮ ስለ ቤዝቦል ምንም አላውቅም፤ ቢሩክ አንድ ሰው ጎድሎናል ስላለኝ ነው የገባሁት» ብላ ለማልቀስ ጥቂት ቀራት። እንግዲህ ጨዋታውን ሃያ ሁለት ዓመት ያዳመጠው ሰው፣ ጨዋታው ስንት ኢኒንግ፣ ማለትም ስንት ዙር፣ እንዳለው ለማታውቅ ልጅ «ዛሬ ይህን ሰው ላሰልፍ ወይ?» እያለ ሲያስፈቅድ ከረመ። ሁልጊዜም «ሹር፣ ጋሼ» ትለኛለች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቀና አለቃ አላጋጠመኝም። ቅሬታዬ በእርሷ ላይ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቅሬታዬን በጽሑፍ ባቀርብ መልስ በመስጠት ፈንታ ሽማግሌ ስለላኩብኝ አመሰግናለሁ። በጁን ወር ሦስት የተከበሩ ሰዎች አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው መጡ። እንደ ታማሚ ጠያቂ በየተራ ግንባሬን አዩኝ፤ ከሦስቱ አንዱ ሐጂ ሳላሃዲንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜ ምንያህል፣ ይሄ ጎልያድ የሚባለው ሰውዬ ምንህ ነው? ዘመድህ ከሆነ እኛው ሄደን እናናግረዋለን» አሉኝ። ስለ ምን እንደተጣላን ሳይነገራቸው «አስታርቁ» ተብለው ነው የመጡት። ከካናል ዊንቸስተር ድረስ በዝናብ ያስነዷቸው እኔን ይቅርታ ለማስጠየቅ መሆኑን ሲረዱ ሐጂ ብርቱካናቸውን ትተው፣ «ታዲያ ይሄ ልጅ ምን በድለኸው ነው?» እያሉ ወጡ። እኔም መልሱን እስካሁን እየፈለግሁ ነው። የሀገራችንን ሽምግልና የተማሩት ከወላጆችዎ መሆኑ ደስ ይላል፤ ሽማግሌ የሚልከው የበደለው ወገን፣ ያውም ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የሚለውን ክፍል ግን ሳያደምጡት ቀርተዋል።

አራተኛውን በምስጋና ልጀምረው አልችልም።

ጁነዲን እኔን አላታለለም። እርስዎ ግን አንድ መቶ አርባ ሰው በሚያነበው ግሩፕ ላይ «ሸውዷቸዋል» ብለው ጻፉ። ግማሹ ሰው ከእርሱ ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። በምሳ ሰዓት አንዱ መነጽሩን አውልቆ፣ «ጁኒ፣ መኪናዬን በምሳህ ትሬድ ታደርገኛለህ? እኔም እኮ አይታየኝም!» ሲለው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሌላው ደግሞ፣ «ተወው ባክህ፣ እሱ ከሰባ ዓመት በታች ካለ ሰው ጋር አይነግድም!» አለ። እንዲህ ያለውን ቀልድ አንድ ቀን ይስቁበታል፤ ሁለት ወር ሲደጋገም ግን ሰው ምሳውን መኪናው ውስጥ ብቻውን መብላት ይጀምራል። ጁነዲን የጀመረውም ይህንኑ ነው። አባቱን በክብር የቀበረ፣ የሰው አዛውንት ሲያይ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው «የሽማግሌ አታላይ» ተብሎ ስም ወጣለት።

ከዚያ ጁላይ መጣ። ሸምበቆ በሳምንት በሳምንቱ መቺዎቹን እያንበረከከ የሊጋችን ቁጥር አንድ ፒቸር ሆነ። ጎልያድ ደግሞ ፈጣን ኳስ ሲያሳድድ ወገቡን ተጎድቶ ለዓመቱ ተሰናበተ፤ እኔም ዘጠነኛ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እርስዎም ለጁነዲን ደወሉለት። «ወሬው እንዲቆም ከፈለግህ ሸምበቆን ለእኔ ስጠኝና ኬዙን ክሎዝ እናድርገው» ማለትዎን የነገረኝ እርሱ ራሱ ነው። ሰው ሲሰለቸው ይሰጣል፤ ሰጠዎት። በምላሹ ያገኘው በሌላ ሰው ቡድን ተጠባባቂ ሆነው እንኳ የማይቀመጡ ሁለት ተጫዋቾች ነው። ያን ትሬድ መርምሮ ያጸደቀው ሊቀመንበሩ ነበሩ፤ ምርመራው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ኮምፒውተሩ ስንት ለስንት እንዳለ ግን በግሩፑ ላይ አልወጣም፤ ልብም አልተቀመጠለትም።

ክቡር ሊቀመንበር፣ የሊጋችንን ደንብ የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ደግሞ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አንቀጽ አሥራ አራት ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ከፈረሙ ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራል ይላል፤ ከአሥራ ሁለታችን ስምንቱ ማለት ነው። ፊርማ ልሰበስብ ልብ ወዳስቀመጡት ስምንት ሰዎች ቤት በየተራ ሄጃለሁ። ስልክ አልደወልኩም፤ በር አንኳኩቼ ገብቼ፣ ደብተሬን ከፍቼ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ ጠየቅሁ። ሰው ልቡን በስልክ ማስቀመጥ ይቀለዋል፤ ዓይን ለዓይን ተያይቶ «እኔ አእምሮዎን ተጠራጥሬያለሁ» ማለት ግን ይከብደዋል። ስምንቱም ፈርመዋል። መጀመሪያ የፈረመችው ወይዘሪት ሐምራዊት ናት፤ ስትፈርም፣ «ጋሼ፣ ይሄንንም እኔ አፕሩቭ ማድረግ አለብኝ እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ እኔም ከሜይ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ነው። አጀንዳው ሦስት ነው፦ በቡድኔ ላይ የተሾመው ሞግዚት ይነሣል፤ ጁነዲን ማንንም እንዳላታለለ ስሙ በጠፋበት በዚያው ግሩፕ ላይ፣ በእርስዎ ስም፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፋል፤ ከዚያ በወንበሩ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ሦስተኛው እንዴት እንደሚያልቅ ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። ከጁነዲንና ከእኔ ጋር አሥር ለሁለት ነው፤ እርስዎ ለራስዎ ድምፅ ከሰጡ።

እስከዚያ ድረስ ሽማግሌ እንዳይልኩ። ብርቱካንም አያስፈልገኝም። «ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይተዉታል» የሚሉ ወዳጆች እንዳሉዎት ሰምቻለሁ፤ ትልቅ ሰው መሆኔ እውነት ነው፤ የምተወው ግን ነገር የለም። እኔን ጅል ማለትዎን ምናልባት በዓመቱ እረሳው ይሆናል፤ ጁነዲንን ከምሳ ገበታ ማስነሣትዎን ግን እኔ በሕይወት ሳለሁ በዚህ ከተማ ማንም እንዲረሳው አልፈቅድም።

ለአዛውንቶች ባለዎት የማያቋርጥ አሳቢነት እንደተደነቅሁ፣ በስክሪኖችዎ ብርሃን ፊትዎ ሁሌም እንዲበራ እየተመኘሁ፣ ያለ ሞግዚት በራሴ እጅ፣ በራሴ እስክሪብቶ የፈረምኩ፣

ምንያህል እንግዳሸት
የቀድሞ ታክሲ ነጂ፣ በአሁኑ ሰዓት ዘጠነኛ

ግልባጭ፦ ለእትዬ መሰረት፣ ከይቅርታ ጋር
ለሐጂ ሳላሃዲን፣ የጠየቁትን ጥያቄ ለመመለስ

ማሳሰቢያ፦ ከመግቢያው በቀር ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ያለቀው ረቡዕ ዕለት ነው። እስከ ዛሬ ያቆየሁት የዓመቱ የተጫዋች መቀየሪያ ጊዜ ትናንት ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እስኪዘጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቀየርም ሆነ መጨመር እንደማይቻል ደንብዎ በግልጽ ይናገራል። ሸምበቆ አምና ክርኑን ቀዶ ጥገና የተደረገለት ልጅ ነው። አሠልጣኙ በማርች ወር በከተማቸው ሬዲዮ ላይ፣ ዘንድሮ ከአንድ መቶ ሃያ ኢኒንግ በላይ እንደማያስወረውረውና ያን ሲሞላ እስከ ከርሞ እንደሚያሳርፈው ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ኮምፒውተርዎ ሬዲዮ አያዳምጥም። እስከ ዓርብ ድረስ አንድ መቶ አሥራ አራት ወርውሯል። የቀረው ስድስት፣ ማለትም አንድ ጨዋታ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በእርሱ ተማምነው ሌሎቹን ፒቸሮችዎን አሰናብተው ለሴፕቴምበር ፍጻሜ እየተዘጋጁ ነው። ለጁነዲን ይህን ያኔውኑ ፓርኪንግ ላይ ነግሬዋለሁ፤ በጁላይ ለእርስዎም ሊነግርዎ ሲጀምር «ዋጋውን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል» ብለው አቋረጡት። የእኔ ሐሳብ ልጁን እስከ ኦገስት ከተጠቀምኩበት በኋላ፣ ለመጨረሻው ወር ለማያውቅ ሰው መልሼ መቀየር ነበር። ያ ሰው ማን እንደሚሆን በሜይ አሥራ ሁለት በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ስምዎን ሳልሳሳት ነው የጻፍኩት።